በቀይ ያሰመርኩበት ቃል

የዛሬ ሁለት ዓመት ነው። የጥምቀት ሰሞን አልፎ ትምህርት እንደተጀመረ፣ ለዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎቼ «ጥምቀት በጎንደር» የሚል ድርሰት አዘዝኳቸው። በየዓመቱ የማዘው ድርሰት ነው። በየዓመቱም ስልሳ ምናምን ወረቀት ታቅፌ ወደ ቤቴ እገባለሁ፤ ማታ ቡናው ተፈልቶ፣ መብራት ካልጠፋ፣ አንድ በአንድ አርማለሁ። አብዛኞቹ ይመሳሰላሉ። «የጥምቀት በዓል በአገራችን በታላቅ ድምቀት ከሚከበሩ በዓላት አንዱ ነው» ብለው ይጀምራሉ፤ ስለ ፋሲል ባሕረ ጥምቀት ጥቂት ይላሉ፤ ሎሚ መወርወሩን ይጨምራሉ፤ «በዚሁ አበቃሁ» ብለው ይዘጋሉ።

ከዚያ ክምር ውስጥ የአንድ ልጅ ወረቀት ሦስተኛው መስመር ላይ «ድምፁ ሲምፎኒ ነበር» ይላል። ሌላ ቅጽል የለም። «እንደ ሲምፎኒ» እንኳ አላለም፤ «ነበር» ነው ያለው። ቀይ ብዕሬን አንስቼ ከሥሩ አሰመርኩና ጠርዙ ላይ «የባዕድ ቃል። በአማርኛ ግለጽ» ብዬ ጻፍኩ። ከአሥሩ አንድ ነጥብ ቀነስኩ። የቀረውን በጥድፊያ አይቼ ወደሚቀጥለው አለፍኩ።

ወረቀቱን የመለስኩ ዕለት፣ በዕረፍት ሰዓት፣ ልጁ ከመምህራን ማረፊያው ደጃፍ ቆሞ ጠበቀኝ።

«ቲቸር፣ ሲምፎኒ በአማርኛ ምን ይባላል?»

«ድምቀት በለው» አልኩት። «ካልሆነም የዜማ ኅብር።»

ትንሽ አሰበ። «ድምቀት እኮ አይደለም፣ ቲቸር» አለኝ። በትሕትና ነው ያለው። ወረቀቱን አራት ላይ አጥፎ ደብተሩ ውስጥ ከተተና ሄደ።

ልጁ ልክ ነበር። ድምቀት አይደለም። ታዲያ ምንድን ነው? ይህን ያህል ዘመን አማርኛ ሳስተምር የኖርኩ ሰው፣ በቀይ ያሰመርኩበትን ቃል ትርጉም አጥርቼ እንደማላውቀው የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ያልገባኝን ቃል ነው ስሕተት ያልኩት። ይህ ነገር አንገበገበኝ፤ አሁንም ያንገበግበኛል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጆሮዬ ቃሉን ማደን ያዘ። ፒያሳ ሻይ ቤት ተቀምጬ በቴሌቪዥን «የቀለማት ሲምፎኒ» ሲባል ሰማሁ፤ ስለ ጥበብ ልብስ ነው የሚወራው። ሌላ ቀን በሬዲዮ «የተፈጥሮ ሲምፎኒ» ተባለ፤ ስለ ስሜን ተራሮች። አንድ ወዳጄ የእናቱን ወጥ ሲያመሰግን «ሲምፎኒ ነው» አለ። በእነዚህ ሁሉ ውስጥ ቃሉ የሚለው «ብዙ ነው፤ ያምራልም» ብቻ ነው። ቃል ለሁሉም ነገር ሲሆን ለአንዱም አይሆንም። ብዙና የሚያምር ለማለት አማርኛ መች ቸግሮት ያውቃል? ዕጹብ አለን፣ ኅብር አለን፣ ድንቅ አለን። «ሲምፎኒ» ሌላ የያዘው ጉዳይ ከሌለ መበደሩ ትርፍ ድካም ነው። ጉዳይ ካለው ግን እሱን ማወቅ ይገባል።

«ኦርኬስትራ» ደግሞ በእኛ ከተማ ሌላ ዕጣ ገጥሞታል። የሠርግ አዳራሽ ማስታወቂያ «ከሙሉ ኦርኬስትራ ጋር» ሲል ኪቦርድ፣ ጊታር፣ ሳክስፎንና ድምፃዊ አለ ማለቱ ነው። በዚህ አልፈርድም፤ ቃሉ በአገራችን የመጣበት መንገድ ነው እንዲህ ያደረገው። እ.ኤ.አ. በ1924 ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌምን ሲጎበኙ፣ ወላጆቻቸው በአርመኖች ላይ በደረሰው እልቂት ያለቁባቸው አርባ የአርመን ልጆች በነሐስ የሙዚቃ መሣሪያ ተቀበሏቸው። ልጆቹን ወደ አዲስ አበባ አመጧቸው፤ «አርባ ልጆች» የተባለው ባንድ እነሱ ናቸው። አስተማሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን «ኢትዮጵያ ሆይ ደስ ይበልሽ» የሚለውን የንጉሠ ነገሥቱን ዘመን መዝሙር ዜማ ደረሰ። ከዚያ ወዲህ የክብር ዘበኛው ኦርኬስትራ፣ የፖሊሱ ኦርኬስትራ እየተባለ ቃሉ በወታደር ቤት በኩል ወደ ሕዝቡ ገባ። ጥላሁን ገሠሠን ከክብር ዘበኛ ጋር የሰማ ትውልድ «ኦርኬስትራ» ሲባል ትዝ የሚለው መለከትና ሳክስፎን የያዙ፣ ወታደራዊ ልብስ የለበሱ ሰዎች ናቸው። ቃሉ በእኛ አፍ የራሱን ኑሮ ኖሯል፤ ይህን ከማንም አልቀማም።

ሙዚቃን በትምህርት የያዙ ሰዎች ግን ሦስት ነገር ለይተው ይናገራሉ። ኦርኬስትራ ሰዎቹ ናቸው፤ ባለ ገመዶቹ፣ ባለ እንጨት ነፊዎቹ፣ ባለ ነሐሶቹና መቺዎቹ፣ በትልቁ ከሰማንያ እስከ መቶ የሚሆኑ። ሲምፎኒ ድርሰቱ ነው፤ ለዚህ ጉባኤ ተብሎ የተጻፈ፣ ብዙውን ጊዜ በአራት ክፍል የተከፈለ ረጅም ሥራ። ሥረ መሠረቱ ጣሊያን ነው። ኦፔራ ከመጀመሩ በፊት የሚሰማው መግቢያ «ሲንፎኒያ» ይባል ነበር፤ ፈጣን፣ ዝግ ያለ፣ ደግሞ ፈጣን። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ከኦፔራው ተለይቶ ራሱን ችሎ ቆመ። ሃይደን ብቻውን ቁጥር የተሰጣቸው 104 ሲምፎኒዎች አሉት፤ ቤትሆቨን ዘጠኝ።

ሦስተኛው ቅጽሉ ነው፤ እኔን እንደ ሰዋስው መምህር የያዘኝም እሱ ነው። «ሲምፎኒክ» እያልን እንናገራለን። «ክ» የምትለው ጅራት ከቃሉ ጋር ከውጭ የመጣች ናት። አማርኛ ለዚህ ሥራ የራሱ ጅራት አለው፤ ከኢኮኖሚ ኢኮኖሚያዊ፣ ከዲሞክራሲ ዲሞክራሲያዊ ብለናል፤ ከሲምፎኒም ሲምፎኒያዊ ማለት እንችላለን። ከኦርኬስትራ ደግሞ ኦርኬስትራዊ። ሁለቱ ቅጽሎች አንድ አይደሉም። ኦርኬስትራዊ ያልነው ሙዚቃ ማን እንደሚጫወተው ተናገርን። ሲምፎኒያዊ ያልነው እንዴት እንደተሠራ ተናገርን። የአንድ የፍቅር ዘፈን ዜማ ለሰማንያ ሰው ቢቀናበር ኦርኬስትራዊ ይሆናል፤ በዚህ ብቻ ሲምፎኒያዊ አይሆንም። ሲምፎኒያዊ የሚሆነው አንዲት ትንሽ ሐሳብ ተወልዳ፣ ከአንዱ መሣሪያ ወደ ሌላው ተላልፋ፣ ተሟግታ፣ መልኳን ለውጣ፣ ስትመለስ ሌላ ሆና የተገኘች እንደሆነ ነው። የቤትሆቨን አምስተኛው ሲምፎኒ፣ እ.ኤ.አ. በ1808 ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰማው፣ በአራት ድምፅ ይጀምራል፤ ሦስት አጭር፣ አንድ ረጅም። የመጀመሪያው ክፍል ከእነዚያ ከአራቱ ነው የበቀለው። በስልኬ ደጋግሜ ሳዳምጠው፣ አንዱ መሣሪያ የጣላትን ሌላው እያነሳ ሲሄድ፣ በልጅነቴ ማታ ማታ ከእሳት ዳር ስሰማው የነበረው የሽማግሌዎች ክርክር ትዝ አለኝ። አንዱ ያለውን ሌላው «ልክ ነው፤ ግን…» ብሎ ይቀበለዋል።

እስከዚህ ያለው ከመጽሐፍም ከስልክም የሚገኝ ነው። ልቤን የነካው ግን ከወንጌል ያገኘሁት ነው።

ነገረ መለኮት የተማረ አንድ ጎረቤቴ የግሪኩንና የአማርኛውን አዲስ ኪዳን ጎን ለጎን የሚያሳይ መተግበሪያ ስልኬ ላይ ጫነልኝ። «ሲምፎኒያ» የግሪክ ቃል ነው፤ «ሲን» አብሮ፣ «ፎኔ» ድምፅ። አብሮ መሰማት እንደማለት ነው። ወንጌል ውስጥ ይኖር ይሆን ብዬ ፈለግሁት። አለ። ሉቃስ ምዕራፍ 15፣ የጠፋው ልጅ ታሪክ። ታናሹ ተመልሶ፣ የሰባው ፍሪዳ ታርዶ፣ ታላቁ ከእርሻ ሲመለስ ከቤት ድምፅ ይሰማል። በግሪኩ የሰማው «ሲምፎኒያ» ነው። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ምን እንደሚል ታውቃላችሁ፤ ሁላችንም በልጅነታችን ሰምተነዋል፦ «የመሰንቆና የዘፈን ድምፅ ሰማ»።

መሰንቆ! ይህን ሳነብ ወንበሬ ላይ ቀጥ አልኩ። ያ የቀድሞ ተርጓሚ የግሪኩን ቃል ሲያገኝ አልደነገጠም፤ ባዕድ ነው ብሎም በቀይ አላሰመረበትም። ከቤት ወደ ደጅ የሚወጣ የደስታ ድምፅ ለአማርኛ ሰሚ ምን ይመስላል ብሎ ጠየቀ፤ መልሱም አንድ ጭራ ያላት፣ በፍየል ቆዳ የተለበጠች፣ በደጋን የምትገዘገዝ መሰንቆ ሆነች። እኛ ጎንደሬዎች ከአዝማሪ ጋር ያደግን ሰዎች ነን። ሠርግ ቤት ከሩቅ የሚታወቀው በመሰንቆው ነው። መንገድ ላይ ሆነህ የጭራዋ ድምፅ ብቻ ይደርስሃል፤ ቃሉ አይለይም፤ «እነ እገሌ ቤት ደስታ አለ» ትላለህ። የሉቃስ ታላቅ ወንድም የሰማው ይኸንኑ ነው። ሰማንያ ሰው የሚጫወተው ነገር ስም በአንድ ሰው መሣሪያ መተርጎሙ ለሙዚቃ አዋቂ ግር ሊለው ይችላል። ለእኔ ግን ዛሬም ትክክል ነው።

ሌላም አለ፤ ይኸኛው ይበልጣል። ግሪኩ ይህንኑ ሥር ግስ አድርጎ ይጠቀምበታል። ማቴዎስ 18 ላይ ሁለት ሰዎች በሚለምኑት ነገር «ቢስማሙ» ይላል አማርኛው፤ በግሪኩ ያው የሲምፎኒ ግስ ነው፤ አብረው ቢሰሙ፣ አንድ ድምፅ ቢያሰሙ እንደማለት። ማቴዎስ 20 ላይ የወይኑ ባለቤት ለሚያጉረመርመው ሠራተኛ «በአንድ ዲናር አልተስማማኸኝምን?» ይለዋል፤ አሁንም ያው ግስ።

ተስማማ። ይህን ቃል በቀን ስንት ጊዜ እንለዋለን? በዋጋ ተስማማን፤ አየሩ ተስማማኝ፤ ምግቡ አልተስማማኝም፤ ጫማው ይስማማዋል፤ ባልና ሚስቱ አልተስማሙም። ብዙ ጊዜ ስለምንለው ከምን እንደተሠራ አናስተውልም። ከነገረ ተነጋገረ፣ ከላከ ተላላከ፣ ከዐወቀ ተዋወቀ እንደምንለው፣ ተስማማ ከሰማ የተገኘ ነው። ሰማ፣ ተስማማ። እርስ በርስ መሰማማት። ግሪኩ ነገሩን ከአፍ በኩል ነው የያዘው፤ አብሮ ድምፅ ማሰማት። አማርኛው ከጆሮ በኩል ያዘው፤ አንዱ ሌላውን መስማት። የቱ ይሻላል ብባል የእኛው ይሻላል እላለሁ፤ የአገሬ ቋንቋ ስለሆነ ብቻ አይደለም። አብሮ መጮህማ ገበያም ይጮኻል። ቅዳሜ ገበያ የወጣ ሰው ብዙ ድምፅ አብሮ ሲሰማ ምን እንደሚመስል ያውቃል። ገበያውን ከሲምፎኒው የሚለየው የድምፁ ብዛት ሳይሆን መደማመጡ ነው።

ኦርኬስትራ ሥራውን ከመጀመሩ በፊት የሚያደርገውን ተመልከቱ። ሁሉም ሰው በየፊናው እየሞካከረ አዳራሹ ይንጫጫል። ከዚያ ጸጥታ። ኦቦ የምትባል ቀጭን የእንጨት መንፊያ አንዲት ድምፅ ታወጣለች፤ «ላ» የሚሏት፣ በሰከንድ 440 ጊዜ ገደማ የምትርገበገብ። ብቻዋን ጥቂት ትቆያለች። ቀጥሎ የቫዮሊኖቹ መሪ ገመዱን ወደ እሷ ያቀርባል፤ ከፍ አለ፣ ዝቅ አለ፣ ገጠመ። ከዚያ ሁሉም ያንን አንድ ድምፅ ፍለጋ ይንቀሳቀሳሉ፤ የተበታተነው ሁሉ ወደ አንድ ነጥብ ሲሰበሰብ ይሰማል። ከግማሽ ደቂቃ አይበልጥም። ከሲምፎኒው ይልቅ ይህችን ግማሽ ደቂቃ እወዳታለሁ ብል የሚታዘበኝ ይኖራል፤ እውነቱ ግን ይኸው ነው።

ይህችኑ ቪዲዮ ነው በአታ ለማርያም አካባቢ ለሚኖሩ አንድ መሪጌታ ያሳየኋቸው። ጎንደር በአታ የአቋቋም፣ ማለትም ዜማን በመቋሚያ፣ በጸናጽልና በከበሮ የማቅረብ ትምህርት፣ ምስክር ቤት ነው፤ ከየአገሩ አቋቋም ሊያስመሰክሩ የሚመጡ ተማሪዎች እዚያ ይውላሉ። የኔታን ከልጅነቴ አውቃቸዋለሁ። ከሰዓት በኋላ ነው፤ ከጥላው ሥር ተቀምጠው ተማሪዎቻቸውን ያዳምጡ ነበር። ሁለት ልጆች ጸናጽል ይዘው ይለማመዳሉ። ከታች ወደ ላይ፣ ከግራ ወደ ቀኝ፤ በሽቦዎቹ ላይ የተሰኩት ቅጠሎች ሲንሸራተቱ ሻሽ ይላሉ። አንደኛው ቶሎ ቶሎ ይላል። የኔታ ዓይናቸውን ሳይገልጡ «ቀድመኸዋል» አሉት፤ የቀደመውን ስም እንኳ አልጠሩም፤ ልጁ ግን ራሱን ዐወቀ።

ስልኩን ሰጠኋቸው። ጆሯቸው ሥር አድርገው ሰሙ። ኦቦዋ ስትጀምርና ሌሎቹ ሲከተሉ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ይቺ መሪ ናት?» አሉኝ።

«መሪስ ሌላ ነው፣ የኔታ። ዱላ ይዞ ፊታቸው የሚቆም አለ። እሷ ድምፅ ነው የምትሰጣቸው።»

«እንግዲያ እሷ መርታለች፤ እነሱ ተቀብለዋል» አሉ። «የሚቀበል ሰው መጀመሪያ ጆሮ ያስፈልገዋል፣ ልጄ። ድምፅማ ሁሉም አለው።»

ከዚያ የእሳቸውን ነገሩኝ። የሚያውቁትን ነገር የሚያስረዱት በእጃቸው ነው፤ መቋሚያውን አንስተው። በቁም ይጀመራል፤ መሣሪያ የለም፣ ዜማው ብቻ። ከዚያ ዝማሜ፤ መቋሚያው ወደ ግራ ወደ ቀኝ ይዘማል፣ ጫፉ መሬቱን ይነካል። ከዚያ ጸናጽሉና ከበሮው ይገባሉ፤ ንኡስ መረግድ፣ ዐቢይ መረግድ። ከዚያ ጽፋት፤ ከበሮው ይፈጥናል፣ እጅ ይጨበጨባል። ያው አንድ ዜማ ነው በዝግታ ተወልዶ በደረጃ እየጋለ የሚሄደው። መዘምራኑ ቀኝና ግራ ሆነው ይቆማሉ፤ ቀኝ ጌታው በዚህ፣ ግራ ጌታው በዚያ። አንዱ ወገን ሲያነሳ ሌላው ይሰማል፤ ሌላው ሲያነሳ ይኸኛው ያዳምጣል።

የሚቆሙበት ቦታ ስም ቅኔ ማኅሌት ነው። ክብ በሆኑት ቤተ ክርስቲያኖቻችን የውጭኛው ዙር። እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። «ኦርኬስትራ» መጀመሪያ የሰዎች ስም አልነበረም፤ የቦታ ስም ነበር። በጥንት ግሪኮች ቴአትር ውስጥ ከመድረኩ ፊት ያለ ክብ ሜዳ ነው፤ ዘማሪዎቹ እየዘመሩ የሚያሸበሽቡበት። ሥሩም «ማሸብሸብ» የሚል ግስ ነው። ከብዙ ዘመን በኋላ የቦታው ስም በቦታው ለሚቀመጡት ሙዚቀኞች ተረፈ። የእኛ መዘምራን በቅኔ ማኅሌት ውስጥ መቋሚያ ይዘው ሲያሸበሽቡ ያየ ሰው፣ የቃሉ የመጀመሪያ ሥዕል ከየትኛውም የአውሮፓ አዳራሽ ይልቅ እዚህ እንደቀረ ያያል። ማኅሌት የሚለው ቃል ዘፈን፣ ምስጋና ማለት ነው። እኛ ቦታውን በዜማው ጠራነው፤ እነሱ ዜመኞቹን በቦታው ጠሩ።

ይሁንና ማኅሌቱ ሲምፎኒ ነው ብዬ አላውጅም። እዚህ ላይ ከብዙ ወዳጆቼ ጋር አልስማማም። «የእኛ ሲምፎኒ ከእነሱ በፊት ነበር» የሚል ሰው ያከበረ እየመሰለው ሁለቱንም ያሳንሳል። የያሬድ ዜማ አንድ ዜማ ነው፤ መቶ ሰው ቢያዜመው ያው አንድ ነው፤ ኃይሉም ከዚያ ነው። በሲምፎኒ ግን ባለ ቫዮሊኑና ባለ መለከቱ በአንድ ጊዜ የተለያየ ነገር ይላሉ። ማኅሌትን ማኅሌት ማለት ይበቃል፤ የጎደለው ስም የለም።

የተለያየ እያሉ አንድ መሆንን ካነሳን በአገራችን ከእንቢልታ የሚቀርብ አላውቅም። ልጅ ሳለሁ በአንድ ትልቅ በዓል ላይ ሦስት እንቢልታ ነፊዎች አየሁ። እንቢልታ እንደ ዋሽንት በጣት የሚደፈን ቀዳዳ የለውም። አንዱ እንቢልታ አንድ ወይም ሁለት ድምፅ ቢያወጣ ነው። ብቻውን የያዘው ሰው ዜማ ልጫወት ቢል አይችልም። አንዱ ቱ ይላል፤ ሌላው ከዚያ ክፍተት ውስጥ ይገባል፤ ሦስተኛው ከሥር ይሞላል። ዜማው የማናቸውም አይደለም፤ ከሦስቱ መካከል ነው የሚወጣው። ከእግራቸው ሥር ቁጭ ብዬ ጉንጫቸውን ሳይ፣ ለመንፋት ሳይሆን ለመጠበቅ የሚጨነቁ እንደነበሩ ትዝ ይለኛል። የእያንዳንዱ ዓይን የሌላው አፍ ላይ ነው። ነጋሪትና መለከት ከእንቢልታ ጋር ነገሥታቱን ያጅቡ ነበር፤ ጎንደር መናገሻ በነበረችበት ዘመን ይህ ድምፅ ከግንቡ አጥር ውስጥ ሲወጣ ከተማው ንጉሡ መነሳቱን ያውቅ ነበር።

ይህን መሣሪያ ሁሉ አንድ ላይ ለማስቀመጥ የሞከረም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1963 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ ያኔ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በሚባለው፣ ትውልደ ግብፃዊው የሙዚቃ ሰው ሐሊም ኤል-ዳብ «ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ»ን አቋቋመ፤ በኋላ ተስፋዬ ለማ መራው። መሰንቆ፣ ክራር፣ በገና፣ ዋሽንት፣ እንቢልታ፣ መለከት፣ ከበሮ፤ ከየአገሩ የመጡ፣ አብረው ተጫውተው የማያውቁ ሰዎች። አዝማሪው መሰንቆውን ለራሱ ጉሮሮ ነው የሚቃኘው፤ ባለ ክራሩም እንዲሁ። ዋሽንት ደግሞ አንዴ ከተበሳ ቅኝቱ ያው ነው፤ ስለዚህ ባለ ዋሽንቱ ብዙ ዋሽንት ይዞ ይዞራል። እነዚህ ሰዎች መጀመሪያ ማድረግ የነበረባቸው ነገር፣ ያቺ ኦቦ የምታስደርገውን ነው፤ መስማማት።

እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩም ይታወሱኛል። በፒያኖና በቫዮሊን ያደጉ ሴት፣ ወደ እኛው ጎንደር መጥተው የቅዱስ ያሬድን ዜማ አጠኑ። እዚህ ሳሉ ዜማ የሚማሩ ልጆች ደጅ ሲያድሩ አዩ፤ ልባቸው ተነካ። እ.ኤ.አ. በ1967 በጀርመን የታተመው የመጀመሪያ ሸክላቸው ገቢ ለችግረኞች እንዲሆን ነበር። እ.ኤ.አ. በ2023 በኢየሩሳሌም በ99 ዓመታቸው አረፉ። ፒያኗቸውን ስሰማ የአውሮፓው ትምህርት የት አብቅቶ የያሬድ የት እንደሚጀምር ለይቼ መናገር አልችልም፤ አንዱ ሌላውን እየሰማ ነው የሚሄደው።

ልጁ ዘንድሮ አሥራ አንደኛ ክፍል ነው። ባለፈው ወር መንገድ ላይ፣ ከጃንተከል ዋርካ ዝቅ ብሎ፣ አገኘሁት። ቁመቱ ከእኔ በልጧል።

«ያ የጥምቀት ድርሰትህ አለ?» አልኩት።

«የቱ ቲቸር?»

«ሲምፎኒ ያልክበት።»

ፊቱ ቀላ። እናቱ የትምህርት ወረቀት እንደማይጥሉ፣ ቤት ካርቶን ውስጥ ሊኖር እንደሚችል ነገረኝ። በማግስቱ ይዞት መጣ። አራት ላይ የታጠፈበት መስመር እንዳለ ነው፤ የእኔ ቀይ ቀለም ትንሽ ደብዝዟል። ከፊቱ ቆሜ ያን ጊዜ በጥድፊያ ያለፍኩትን አነበብኩ።

የጻፈው ስለ ባሕረ ጥምቀቱ አልነበረም። ስለ መንገዱ ነው። የከተራ ዕለት ከየአድባራቱ የወጡ ታቦታት በተለያየ መንገድ መጥተው መስቀለኛው ላይ ሲገናኙ። የአንዱ ደብር ሰንበት ተማሪዎች የሚዘምሩት መዝሙር ሌላ ነው፤ የሌላው ሌላ። የአንዱ ከበሮ ፈጣን ነው፤ የሌላው ዝግ ያለ። ከኋላ የወጣቱ ሆታ አለ። ልጁ መሐል ላይ፣ አያቱን ይዞ፣ ቆሞ ነበር። መጀመሪያ ሁሉም ተደበላልቆ ምንም አይለይም ነበር ይላል። «ድምፁ ሲምፎኒ ነበር» ያለው ከዚህ በኋላ ነው። ቀጥሎ ያለችውን አራተኛ መስመር እዚህ እንደጻፈው እገለብጣታለሁ፤ ፈቅዶልኛል፦

«የነሱ ከበሮ የኛን ሲሰማ ቀስ አለ፣ የኛም የነሱን ሲሰማ ቀስ አለ፣ ከዛ እኩል ሆኑ፣ አያቴም እጄን ጨበጠችኝ።»

ብዕር ከኪሴ አወጣሁ፤ ሰማያዊ ነው ያገኘሁት። ዘጠኙን ሰርዤ አሥር ጻፍኩ። ልጁ ወረቀቱን ተቀብሎ አየው፤ ከዚያ ወደ ጠርዙ እየጠቆመ «ይሄስ ቲቸር?» አለኝ፤ «በአማርኛ ግለጽ» ያልኩትን።

«ገልጸኸዋል» አልኩት።